ከጉኑኖ የጠፋው መዝገብና በወንጌል ላይ ያረፈው እጅ

እጃቸውን በወንጌል ላይ አስጭኜ ያስማልኋቸውን ሰዎች ቁጥር አላውቀውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንድም ሰው አላስማልሁም። ሰዎች ተጣልተው ሲመጡና መጽሐፉን እንዳወጣ ሲለምኑኝ እምቢ ስለምል፣ አንዳንዱ አርጅቶ ፈራ ይለኛል፣ አንዳንዱም ሃይማኖቱ ላላ ይላል። ለእያንዳንዱ በቃል ከመመለስ የሆነውን አንድ ጊዜ ጽፌ ባስቀምጠው ይሻላል ብዬ ነው፣ አንባቢ ሆይ፣ ይህን የምጽፍልህ።

ድጓን የዘለቅሁትና ቅኔ የተቀኘሁት ጎጃም ነው። ወደ ወላይታ ሶዶ የመጣሁት በጎልማሳነቴ ሲሆን፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ባለች ቤተ ክርስቲያን በመሪጌትነት ሳገለግል ጠጉሬ ሸበተ። ወላይትኛ እሰማለሁ፤ ስናገረው ግን ልጆቼ ይስቁብኛል። የወሰን ክርክር፣ የባልና የሚስት ጠብ፣ የጎረቤት ኩርፊያ ሲሆን ይጠሩኛል። እኔም የማምነው አንድ ነገር ነበር፤ ሰው እግዚአብሔርን ከፈራ አይዋሽም፣ እጁ ወንጌሉን ሲነካ የተደበቀው ሁሉ ይወጣል። ይህን ከልቤ አምን ነበር። በዚህም ብዙ ጠብ በርዷል፤ ይህን አልክድም።

በከተማችን የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሰዎች መድኃኒትና ክትትል የሚሰጥ አንድ አነስተኛ ማኅበር አለ። ስሙን አልጽፈውም። ዋና ቢሮው ሶዶ ሲሆን በቦዲቲ፣ በጉኑኖና በሌሎችም ቦታዎች የክትትል ክፍሎች አሉት። ከማኅበሩ ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነኝ፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ ለስብሰባ ከመቀመጥ በቀር ሥራውን በቅርብ አላውቀውም ነበር።

የወላይታ ዘመን መለወጫ የሆነው የጊፋታ በዓል አልፎ መሥሪያ ቤቶች በተከፈቱበት ሳምንት፣ ከማለዳው ጸሎት እንደወጣሁ አንድ ባጃጅ ከበሩ ቆሞ አገኘሁ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሰሎሞን ነበር የላከው። አቶ ሰሎሞን ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ፣ ትሑትና ለሥራው የሚጨነቅ፣ ነገር ግን ችኩል ሰው ነው። ወንጌሉን ይዤ እንድመጣ አደራ ብሎ ነበርና ይዤው ሄድሁ።

ቢሮ ስደርስ የነገረኝ ይህን ነው። በጉኑኖ ክፍል ኮምፒውተር ውስጥ የሕሙማኑ የክትትል መዝገብ ይቀመጣል፤ ማን የትኛውን ክኒን፣ በምን ያህል መጠን እንደሚወስድ የሚታወቀው ከዚያ ነው። ከበዓሉ በኋላ የጉኑኖዋ ነርስ ሲስተር ወርቅነሽ ኮምፒውተሩን ስትከፍት ከመዝገቡ አንድም አልቀረም። ሕሙማኑ መድኃኒታቸውን ሊወስዱ መጥተው በረንዳው ላይ ሞልተዋል። አንዲት እናት የታመመች ልጇን አዝላ ከሩቅ ቀበሌ መጥታ፣ «ነጩ ክኒን ነው፣ ግማሽ ነው መሰለኝ» ከማለት በቀር የምታውቀው የለም። መጠኑ ቢበዛ ልጅቱ ትደነዝዛለች፣ ቢያንስ ትወድቃለች። ሲስተር ወርቅነሽ በግምት ለመስጠት እጇ አልታዘዝ ብሏት ሁሉንም «ጠብቁ» ብላ አስቀምጣቸዋለች።

«ማሽኑ ግን ማን እንደገባ ይናገራል፣ የኔታ» አለኝ አቶ ሰሎሞን። «ከበዓሉ በፊት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከሶዶ ቢሮ፣ በአስቴር ስም ተገብቷል።»

አስቴር የማኅበሩን ኮምፒውተሮች ሁሉ የምትጠብቅ የቦዲቲ ልጅ ናት። እዚሁ ሶዶ ተቀምጣ፣ በራሷ ኮምፒውተር በኩል የቦዲቲውንም የጉኑኖውንም ኮምፒውተር ከፍታ እንደ ፊቷ ዕቃ ታዛቸዋለች፤ ሠራተኞቹ ይህንን «በሪሞት መግባት» ይሉታል። የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናት፤ ባሏ ከሥራ ከወጣ ወዲህ ቤቱ የሚተዳደረው በእሷ ነው። ከበዓሉ በፊት በተደረገ ስብሰባ ላይ ረዳት እንዲቀጠርላት ጠይቃ ሲከለከል፣ «ጉኑኖ ያለ እኔ አንድ ቀን አይውልም፣ ታያላችሁ» ብላ ነበር። አሁን ያ ንግግር በሁሉም ሰው አፍ ላይ ነበር።

አቶ ሰሎሞን ለፖሊስ ሊያመለክት ተነሥቶ ነበር። ያስቆመው የንብረት ክፍል ኃላፊው አቶ ማርቆስ ነው። ማርቆስን የማውቀው ከልጅነቱ ጀምሮ ነው፤ እዚሁ ሶዶ ተወልዶ ያደገ፣ በእኔ እጅ ፊደል የቆጠረ፣ በክብረ በዓል ሁሉ ከበሮ የሚመታ፣ ጾም የማይገድፍ ሰው ነው። ስንሰበሰብ ከሁሉ በፊት የተናገረው እሱ ነበር።

«የኔታ፣ ፖሊስ ከገባ የሁላችንም ስም ይጠፋል። እሷም ልጅ አላት። በመሐላ እንጨርሰው። ያልነካ ሰው መማል አይከብደውም፤ እኔ ልጀምር።»

በክፋት አልነበረም። እንዲያውም ሊያድናት ነበር የፈለገው፤ ብትምል ነገሩ ይዘጋል፣ ጥፋቷን ብታምን ደግሞ ይቅርታ ትጠይቃለች ብሎ። እኔም ሐሳቡን ወደድሁት። ወንጌሉን ከማኅደሩ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁ፣ ጸሎት አደረግሁ። ማርቆስ ጫማውን አውልቆ ቀረበ፣ መጽሐፉን ተሳለመ፣ እጁን አኖረ፤ የጉኑኖን መዝገብ እንዳልነካ፣ የነካውንም እንደማያውቅ፣ ይህ ሐሰት ቢሆን ይህ ቃል እንዲፈርድበት ጥርት ባለ ድምፅ ማለ። ከእሱ በኋላ ሪፖርት የምትሰበስበው ሠራተኛ ማለች። አቶ ሰሎሞንም ራሱ ማለ።

አስቴር ከወንበሯ አልተነሣችም።

«እኔ አልምልም» አለች። «አልነካሁም ብያለሁ። ቃሌ ይኸው ነው። እምነቴ ከዚህ በላይ አይፈቅድልኝም።»

ማርቆስ ጫማውን እያጠለቀ፣ «ያኔ በስብሰባው ጉኑኖ ያለ እኔ አይውልም ስትይ እምነትሽ ፈቅዶልሽ ነበር?» አላት።

«እሱ መሐላ አልነበረም ጋሼ ማርቆስ። ድካም ነበር።»

ሰው ሁሉ ዐይኑን ከእሷ አነሣ። ያ ፍርድ እንደነበር አልሸሽግም። እኔም በልቤ ፈረድሁ። ጌታችን በተራራው «ከቶ አትማሉ» ብሎ ያስተማረውን ትምህርት ትርጓሜውን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ፤ የእሷ ወገኖች እንዴት እንደሚይዙትም አውቃለሁ። ነገር ግን የሚጠፋው እንጀራዋ ሆኖ ሳለ እጇን ለቅጽበት ማሳረፍ ካቃታት፣ ያቃታት ሌላ ነገር ነው ብዬ አሰብሁ። አቶ ሰሎሞን ስልኩን አነሣ። ቀሪውን በፖሊስ ፊት ትነግሪያለሽ ሲላት፣ እባክህ ጥቂት ታገሰኝ ብዬ እሷን ይዤ ወደ በረንዳው ወጣሁ።

ሌሎቹ የኔታ ሲሉኝ እሷ አባባ ነው የምትለኝ። ከቤተ ክርስቲያናችን ስላልሆነች የአስተማሪነቱን ስም ለተማሪዎቼ ትታ የሽምግልናውን ትጠራኛለች። ስለ ልጇ አነሣሁባት። ስለ ባሏ አነሣሁባት። ሁሉንም ሰምታ፣

«አባባ፣ ብምል ያምኑኛል?» አለች።

«አምንሻለሁ።»

«ሳልምል ግን አያምኑኝም። ታዲያ ያኔ የሚያምኑት እኔን ነው ወይስ ፍርሃቴን?»

ዐይኔን ወደ ዳሞታ አዞርሁና፣ ለማምለጥ ያህል፣ ታዲያ ስምሽ እዚያ ማሽን ውስጥ እንዴት ገባ ብዬ ጠየቅኋት።

«ስሜማ ሁልጊዜ ይገባል። እኔ ቤቴ ተኝቼ እንኳ ይገባል። በዚያ ቀንም ቦዲቲ እናቴ ቤት ነበርሁ። ይህን ከጠዋት ጀምሮ እላቸዋለሁ፤ ማንም አይሰማኝም።»

መጀመሪያ የቃላት ሽሽት መሰለኝ። ፊቷን ሳየው ግን የሚሸሽ ሰው ፊት አልነበረም፤ ደጋግሞ ተናግሮ የሰለቸው ሰው ፊት ነበር። «እንግዲያስ ለእኔ አሳይኝ። ምንም እንደማያውቅ ሰው አድርገሽ አሳይኝ፤ ምንም አላውቅምና» አልኋት።

ወደ ክፍሏ ገባን። አቶ ሰሎሞን፣ ማርቆስና ያቺ ሠራተኛም ተከትለውን ገቡ። አስቴር እሷ እንደማትቀመጥ፣ እኔ እንድቀመጥ ነገረችኝ። ከዚያ በፊት ኮምፒውተር ነክቼ አላውቅም ነበር። በኮምፒውተሩ ማያ ላይ ትንንሽ ሥዕሎች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ሥር የቦታ ስም ተጽፏል፤ ቦዲቲ፣ ጉኑኖ፣ ሌሎችም። እያንዳንዱ ወደዚያ ክፍል ኮምፒውተር የሚያስገባ በር መሆኑን፣ ከዚህ ቀደም በየበሩ የይለፍ ቃል ይጠየቅ እንደነበር፣ አሁን ግን ቃሉ ከስሟ ጋር እዚያው ተቀምጦ እንደሚቀር አስረዳችኝ። ማውሱን በእጄ አስያዘችኝና ከኋላዬ ቆመች።

«ጉኑኖ የሚለውን ሁለት ጊዜ ይጫኑ።»

አዘግይቼ ስለተጫንሁት በመጀመሪያው አልሆነም። በኋላ ግን ማያው አንድ ጊዜ ጠቆረና እንደገና በራ። ማንነቴን የጠየቀኝ የለም። ሲታይ ግን ምንም አዲስ ነገር አልነበረውም፤ የማኅበሩ ዓርማ ያለበት ያው ሰማያዊ መልክ ነው። ከላይ የጉኑኖ ስም ያለበት ቀጭን መስመር ብቅ ብሎ ወዲያው ጠፋ። ገባሁ ወይስ አልገባሁም ብዬ ገና ሳልጠይቅ የአስቴር ስልክ ጮኸ። ሁላችንም እንድንሰማው ድምፁን ከፍ አደረገችው። ሲስተር ወርቅነሽ ነበረች፤ በወላይትኛ ጀምራ ወደ አማርኛ ተሻገረች።

«አስቴር፣ አሁን ገባሽ እንዴ? እዚህ ስክሪኑ ተዘጋብኝ እኮ። ካርድ እየጻፍኩ ነበር፤ ስትገቢ ንገሪኝ አላልኩሽም?»

«እኔ አይደለሁም ሲስተር» አለች አስቴር። «መሪጌታ ናቸው።»

ሲስተር ወርቅነሽ ሳቀች፤ ቀልድ መስሏታል። ከእኛ ወገን ግን የሳቀ አልነበረም። እኔ ድጓ እንጂ ሌላ የማላውቅ ሽማግሌ፣ በሶዶ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በአስቴር ስም ጉኑኖ ገብቼ ነበር። ያ ማሽን ቢጠየቅ በዚህች ሰዓት የገባችው አስቴር ናት ብሎ ይመሰክራል።

አቶ ሰሎሞን ከበሩ መቃን ተደግፎ ቀረ። አስቴር የምትናገረው ቢኖራትም አልተናገረችም፤ እሱ ራሱ ነው ያወጣው። አስቴር ልትወልድ በወጣች ጊዜ ሥራው እንዳይቆም ብሎ ቃሎቹ ሁሉ እዚያው ተቀምጠው እንዲቀሩ ያዘዘው እሱ ነበር። ተመልሳ ልታጠፋቸው ስትል ሠራተኞቹ ስለለመዱት እንዲቆይ ያላትም እሱ ነበር። ሪፖርት የምትሰበስበውም ሠራተኛ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሁልጊዜ እንዲያ ነው የምናደርገው፣ የጉኑኖን ሪፖርት የምወስደው ከዚሁ ወንበር ነው፣ ለበዓል ስወጣም ከፍቼ ትቼው ሳልሄድ አልቀርም አለች።

በዚህ ጊዜ ነበር ማርቆስ ወደ ማያው የቀረበው። ከትከሻዬ በላይ ጎንበስ ብሎ ከጥግ ያለችውን አንዲት ትንሽ ሥዕል አየ። የሠራተኞች ፎቶ ተብሎ ከሥሯ ተጽፎባታል፤ በጉኑኖ ኮምፒውተር ላይ ከነበረው ሁሉ የተረፈችው እሷ ብቻ ነበረች።

«ይቺን እኔ ነኝ የተውኳት» አለ።

ማንም አልገባውም። እየነገረን ያለው ለእኛም አልነበረም። በጊፋታ ዋዜማ ቤት እንደሚጸዳ ቢሮውም ይጽዳ፣ ኮምፒውተራችሁም በማይረባ ነገር ተሞልቷልና አሮጌውን አስወግዱ ተብሎ ታዞ ነበር። የማርቆስ ኮምፒውተር ስለተበላሸ ከሰዓት በኋላ የሚሠራው በአስቴር ወንበር ላይ ነው። በዚያ ቀን አስቴር ወደ ቦዲቲ ወደ እናቷ ቤት ሄዳ ነበር። እሱ ሲቀመጥ ማያው ተከፍቶ አገኘው፤ መልኩ ያው ነው፤ የጉኑኖ መሆኑን የሚናገር ምንም አላየም። ብዙ የማያውቃቸው ነገሮች ተከማችተው ስላየ፣ የአሮጌ ዓመት ቆሻሻ ነው ብሎ አጠፋቸው። የቆሻሻ ቅርጫቱንም ባዶ አደረገው፤ ግማሽ ሥራ አይወድምና። ፎቶውን ግን የሰው ፊት አይጣልም ብሎ ተወው።

ይህን ሁሉ በተረጋጋ ድምፅ ተናገረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ፊቱ ዐመድ መስሎ ነበር።

«የኔታ፣ ምዬአለሁ።»

ወንጌሉ በሚቀጥለው ክፍል ጠረጴዛው ላይ እንደተገለጠ ነበር። ባለማወቅ የተማለ መሐላ ምን እንደሚባል መጻሕፍቱ ይናገራሉ፤ አውቀዋለሁ፤ አስተምሬዋለሁም። ያንን ፊት እያየሁ ግን መጻሕፍቱን ተውኋቸው። ትከሻው ላይ እጄን አኖርሁ፤ እሱም እጄን በቀስታ አንሥቶ ወጣ።

አስቴር ስትጸድቅ ደስ ይላታል ብዬ ጠብቄ ነበር። አቶ ሰሎሞን ይቅርታ ጠየቃት፤ በሁሉም ፊት ጠየቃት። እሷ ራሷን ነቀነቀችና ስለ ማርቆስ ለፖሊስ የሚነገር ነገር እንዳይኖር ብቻ ለመነችው። ከዚያ ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ጉኑኖ የሚሄድ ተሽከርካሪ ፍለጋ ወጣች። እዚያ ከሲስተር ወርቅነሽ ጋር ሆነው ከወረቀት ካርዶች፣ ሕሙማኑ ከያዙት ባዶ የክኒን ልጣጭ፣ ካልሆነም ከሰው ትዝታ መዝገቡን መልሰው ማሰባሰብ ጀመሩ። የዚያች የታዘለች ልጅ አባት ልጣጩን ከቤት ይዞ ደረሰና መጠኑ ታወቀ። ሁሉም ግን እንዲህ አልቀናውም። አንድ ወጣት መድኃኒቱ እስኪስተካከልለት በሽታው ተመለሰበት፤ ገበያ መካከል ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ማርቆስ ይህን ሲሰማ ሄዶ አስታመመው።

አስቴር ስትመለስ የቦታዎቹን ስሞች እንደነበሩ ትታ የይለፍ ቃሎቹን ሁሉ አጠፋች። አሁን ማንም ሰው ሊገባ ሲፈልግ በራሱ ስም ይጠየቃል፤ እሷም ብትሆን ለእያንዳንዱ በር ቃሉን ትጽፋለች። ያ ወንበር ዛሬ የአንድ ሰው ነው።

ማርቆስ ግን ከቅዳሴ መቅረት ባይጀምርም ከበሮውን ተወ። በቢሮው ሹክሹክታ ነበር፤ አውቆ ነው ያደረገው፣ መጀመሪያ የማለውም ለመሸፈን ነው የሚሉ ነበሩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጣ። ቁጭ በል ብዬው አልተቀመጠም።

«የኔታ፣ እባክዎን ያስምሉኝ» አለ። «አላወቅሁም ነበር ብዬ ልማል። ያኔ አፋቸውን ይዘጋሉ፤ እኔም እተኛለሁ።»

ወንጌሉ ከራስጌዬ ነበር። አንባቢ ሆይ፣ እጄ ወደ መጽሐፉ መሄድ ጀምሮ ነበር። የምወደው ልጅ ነው፤ የሚለምነውም እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳደርገው የኖርሁትን ነገር ነው። ነገር ግን በዚያ ክፍል ሦስት ሰዎች ማሉ። ሦስቱም አልዋሹም፤ ከሦስቱ የአንዱ ቃል ግን እውነት አልነበረም። ያልማለችው የአስቴር ቃል እውነት ነበር፤ ማንም ሳያምናት ቀረ፤ እኔም ጭምር። እንግዲህ ያ እጅ በመጽሐፉ ላይ ሲያርፍ የነገረን ምን ነበር? መፍራቱን ነገረን። ማወቁን ግን አልነገረንም።

«አላስምልህም» አልሁት። «አምንሃለሁ። ቃልህ ይበቃኛል።»

«ለእኔ አይበቃኝም።»

«እንግዲያስ ቃልህን ሂድና ለአስቴር ስጣት። ቃሏን ያልተቀበልናት እሷ ናት። እሷ ከተቀበለችህ የሚቀር የለም።»

ሄደ። የሆነውን ቆይቶ ራሱ ነገረኝ። ከበሯ ቆሞ፣ አላወቅሁም ነበር፣ እመኚኝ አላት። እሷ የጉኑኖን የይለፍ ቃል እየጻፈች ነበር፤ ጣቷን አቁማ ዞረች።

«አምኛለሁ ጋሼ ማርቆስ» አለችው። «ያኔም ቢሆን አምኜዎት ነበር።»

ከዚህ በላይ አንዲት ቃል አልጨመረችም፤ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ማርቆስ ይህን ሲነግረኝ አለቀሰ። ቢያስምሉኝ ይቀለኝ ነበር አለኝ። አምናለሁ፤ ይቀለው ነበር። ለእኔም ይቀለኝ ነበር።